ግንባሬን መሬት ለማድረስ

አርባ አራት ዓመቴ ላይ መስጂድ ውስጥ ወንበር ቀረበልኝ። ያቀረበልኝ የመስጂዱ ጠባቂ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት ጁምዓ ሙሉ ግንባሬን ልደፋ ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቅቶኝ ስቃትት አይቶ አዝኖልኛል። በሦስተኛው ጁምዓ ገና ጫማዬን ሳወልቅ ነጩን የፕላስቲክ ወንበር አንጠልጥሎ መጣና የሶፉ፣ የሰጋጆቹ ረድፍ፣ ዳር ላይ አስቀመጠልኝ። “እዚህ ይሻልሃል” አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ወገቤ ግን ከኔ ቀድሞ ተቀመጠ።

ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው፣ ማንም አይነቅፍህም። ሌላው ሰው ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ሲደፋ አንተ አንገትህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ በቃ። የከበደኝ ሁሉም ሲወርዱ ብቻዬን ከላይ መቅረቴ ነው። ሁለት ሶፍ ከፊቴ ደግሞ አባቴ አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እጥፍ ብለው ይወርዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ልጃቸው ከኋላቸው ወንበር ላይ ተጎልቷል። ስለ ወንበሩ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ግንባሬን እንደገና መሬት ማድረስ።

ሹፌር ነኝ። አስራ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ፣ ያኔ ከአያትና ከሲ.ኤም.ሲ ሠራተኞች የሚያመላልስ የሰርቪስ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እየሰበሰብኩ እነሳለሁ፣ ሁለት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤታቸው ግቢ አራግፋቸዋለሁ፣ ከዚያ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ባቡሩ ሊሠራ ከመገናኛ እስከ አያት ያለው መንገድ የተቆፈረበት ጊዜ ነው። የመንገዱ ጉድጓድ በሙሉ በወንበሬ በኩል አልፎ ወገቤ ላይ ያርፍ ነበር። መርፌ ተወጋሁ። ወጌሻ አሸኝ። አንዱ ሐኪም ቀዶ ጥገና አለ፣ ሌላው ዕረፍት አለ፤ ለሹፌር ዕረፍት ማለት ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

በመጨረሻ ጉርድ ሾላ አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ ወጣት ልጅ እጅ ገባሁ። ዶክተር ስላት “ዶክተር አይደለሁም ጋሼ” ትለኛለች፣ እኔም “እሺ ዶክተር” እላታለሁ። አልጋው ላይ አስተኝታ እግሬን ወደ ላይ ወደ ታች ካደረገች በኋላ “ምን መሥራት ነው የናፈቀዎት?” አለችኝ። ማንም ሐኪም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት። እሷ የጴንጤ ልጅ ናት፤ ቢሆንም ወዲያው ገባት።

“እኔ የማገኝዎት በሳምንት አንዴ ነው” አለችኝ። “ስድስቱን ቀን ብቻዎን ነዎት። ስለዚህ ብቻዎን መሥራት መልመድ አለብዎት።” ከዚያ በእስክሪብቶ ሰባት ትንንሽ ሰዎች የተሳሉበት ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱ እንደ ድመት ተንበርክኳል፣ አንዱ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አቅፏል፤ የመጨረሻው ተረከዙ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን መሬት ደፍቷል። “ይሄ እንግዲህ ዮጋ የሚሉት ነው” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ለምን ዝቅ እንዳደረገች ስጠይቃት “የጸሎት ቡድናችን ቢሰማ ለኔ ነው ጾም የሚይዙልኝ” አለችና ሳቀች።

እኔንም ቢሆን መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ሃይማኖቴ ነበር። ዮጋን የማውቀው በሕንድ ፊልም ነው፤ አንድ ጺማም ሰውዬ ዛፍ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ። ሱጁድ ለመውረድ ብዬ ከፈጣሪ ጋር ልጣላ? ወረቀቱን ይዤ ኢማማችን ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ስትሠራው የምትለው ነገር አለ?” አሉኝ።

“አለ” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ምን ትላለህ?”

“ወይኔ ወገቤ እላለሁ።”

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። “ከእሱ ሌላ ካላልክበት፣ በልብህም ለማንም ካልሰገድክበት መድኃኒት ነው። ሥራ” አሉኝ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንዷን ስዕል በጣታቸው ነካ አድርገው “ይቺ ለጉልበትም ትሆናለች?” ብለው ጠየቁኝ።

ሚስቴ ከኢማሙም ይልቅ ጥብቅ ነበረች። መስገጃዬን መሬት ላይ ዘርግቼ የድመቷን ስጀምር ከወጥ ቤት ብቅ አለችና “በመስገጃ ላይ መቀመጫህን ወደ ሰማይ ልታነሳ ነው?” አለችኝ። መስገጃውን ከሥሬ ስባ አጥፋ አስቀመጠችው። በምትኩ ከወጥ ቤት የተረፈ የላስቲክ ምንጣፍ ወረወረችልኝ። ላስቲኩ ላይ መዳፌ ሲያልበው ያሟልጫል፣ ጉልበቴ ሲያልበው ይጣበቃል። ከሳምንት በኋላ አሮጌ ብርድ ልብስ አራት አጥፌ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሰውየው ዝግጁ ካልሆነ ምንጣፉ ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዝግጁም አልነበርኩም። መጀመሪያ ቀን የሠራሁት የመጨረሻውን ስዕል ነው። የምፈልገው እሱን ነው፤ ታዲያ ስድስቱ ለምን ያስፈልጉኛል? ግንባሬ መሬት ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ወገቤ እንቢ አለ። በጎኔ ተንከባልዬ ቁም ሳጥኑን መታሁ። በማግስቱ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ሚስቴን ደረጃ ላይ ጠብቃ “ደህና ናችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?” ብላ ጠየቀቻት።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መኝታ ቤቱ አንድ ነው፣ ልጆቼ ሦስት ናቸው። እንደ ድመት ስንበረከክ ትንሿ ፈረስ መስያት ጀርባዬ ላይ ትወጣለች። ጠዋት ተነስቼ ልሥራ ስል ሰውነቴ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ ማታ ልሥራ ስል ሆዴ ሞልቷል፣ የክሊኒኳ ልጅ ደግሞ በሞላ ሆድ አይሥሩ ብላኛለች። ዮጋ የሚሠራ ሰው ሁሉ በየቤቱ ብቻውን የሚሠራው መቼ ነው? የት ነው? ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ወረቀቱ ላይ የተሳሉት ሰዎች ሚስትም ልጅም የላቸውም።

አንድ እሁድ ተናድጄ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሯጮቹ በጠዋት አልፈዋል፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ገለል ያለ ቦታ መርጬ በእጅና በጉልበቴ ተንበርክኬ ጀርባዬን ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ ጀመርኩ። ደስ አለኝ። ከኋላዬ “ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ከነሸክማቸው ጎንበስ ብለው ያዩኛል።

“ኧረ ምንም” አልኳቸው።

“ቀለበት ነው? ቁልፍ ነው?” አለችኝ ትልቋ። መልሴን ሳትጠብቅ ሸክሟን ወደ ኋላ ጥላ ቅጠሉን በእጇ መግለጥ ጀመረች። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። እኔ ለወገቤ እንዲህ ነው የምሠራው ብዬ፣ ያንን እንጨት ለተሸከመች ሴት እንዴት ብዬ ልንገራት? “ቁልፍ ነው” አልኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ሦስታችንም ቅጠል ስንፈትሽ ቆየን። በመጨረሻ ቁልፌን ቀስ ብዬ ከኪሴ አወጣሁና “ተገኘ!” አልኩ። “ተመስገን!” አሉ፤ ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። ከዚያ አንዷ ሌላዋን እያገዘች ከኔ የሚከብድ ጭነታቸውን አንስተው ወደ ታች ወረዱ። እኔም ሁለተኛ ወደ ጫካ አልወጣሁም። ስለ ወገቤም ለተወሰነ ቀን ዝም አልኩ።

ቦታውን ያገኘሁት የማልፈልገው ቦታ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ከሁለት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባዶውን ይቆማል። በወንበሮቹ መሃል ያለው መተላለፊያ ልክ የአንድ ሰው ስፋት አለው፤ ብርድ ልብሴ ሲዘረጋ የተለካለት ይመስላል። መጋረጃውን ስቤ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከምሳ በፊት አምስት ሰዓት ላይ መሥራት ጀመርኩ። ስነሳ የምይዘው የወንበር እግር በግራም በቀኝም አለልኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ወገቤን የበላው መኪና እንዲህ ሲያግዘኝ አየሁና ይቅር ልለው ትንሽ ቀረኝ።

ልጅቷ በየሳምንቱ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ “ጋሼ፣ ትንፋሽዎን ይዘዋል።” አልያዝኩም እላታለሁ። አንድ ቀን መገናኛ አደባባይ ላይ በሁለት መኪና መሃል አውቶቡሱን ላስገባ ስል ራሴን ታዘብኩት። ትንፋሼን ይዣለሁ። አሳልፌም አልለቀቅኩትም፤ ጉርድ ሾላ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ለካ ዕድሜዬን በሙሉ ትንፋሼን ይዤ ነው የነዳሁት! ሌላው ስህተቴ ደግሞ ካላመመኝ አልሠራሁም ማለቴ ነው። የሚያቃጥል ቅባት ነው የሚያድን ብለው ያሳደጉን ሰዎች ነን። ልጅቷ “ሲስብዎት ጥሩ፣ ሲወጋዎት ይመለሱ” ብትለኝም፣ እኔ እስኪወጋኝ እሄድ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር በደንብ ሠራሁ። አንድ ክንድ የነበረው ወደ አንድ ስንዝር ወረደ። ከዚያ ረመዳን ገባ። ሆዴ ቀኑን ሙሉ ባዶ ስለሆነ ለዮጋ የተመቸ ወር ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን አምስት ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ስዘረጋ ላዩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ካፈጠርኩ በኋላ ደግሞ ሆዴ ተነፍቶ ጎንበስ ማለት አይታሰብም። ዛሬ ቀረ፣ ነገ ቀረ፤ ወሩ አለቀ። ስቆጥረው የሠራሁት ስምንት ቀን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶብኛል።

ከዒዱ በኋላ ሚስቴ በረመዳን ያልጾመቻቸውን ቀናት ትጾም ነበር። ሴቶች ሁልጊዜ የሚቀርባቸው ቀን ይኖራል፣ ቆይተው ቀዳ ያወጡታል፤ የጾም ብቻ ሳይሆን ያለፈ ሰላትም እንደዚያው ይተካል። ቁርስ ላይ እሷ ሳትበላ ተቀምጣ ሳያት ታዲያ እኔስ አልኩ። ከልጅነቴ የማውቀው ሕግ ይህ ነው፤ የቀረ ነገር ይመለሳል። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶብኛል፣ በቀን አራት አራት ብሠራ ሳምንት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። ይህን ሳስብ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሁለተኛው ቀን እግሬ ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ቀን፣ አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አራተኛውን ዙር ጨርሼ ልነሳ ስል ከወገቤ አንዳች ነገር ጠቅ አለና በግንባሬ ተደፋሁ። ስንት ወር የለመንኩት መሬት ደረሰልኝ ማለት ነው፤ በአፍንጫዬ በኩል። እጄን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ሠራተኞቹ ወጥተዋል።

እንዴት እንደከፈቱት አላውቅም። አርባ የሚሆን ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ፣ ሹፌራቸውን በካልሲ መተላለፊያው ላይ ተዘርሮ አገኙት። አንዱ ልብ ነው አለ፣ አንዱ ስኳር ነው አለ፣ አንዲት ልጅ በኢየሱስ ስም ብላ ጸሎት ጀመረች። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ሁልጊዜ ስለ መጋረጃው የምትጨቀጭቀኝ፣ ከወንበሮቹ በላይ ተረማምዳ አጠገቤ ተቀመጠችና ነጠላዋን ላዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። “አይዞህ፣ አንነካካህም” አለችኝ። ሌላ ሹፌር ተጠርቶ እስኪመጣ ማንም ትቶኝ አልሄደም። እኔ ግን በሕመሙ ላይ እፍረቱ ተጨምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

ፊዚዮቴራፒዋ ስትሰማ ተቆጣች። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። “ማን ነው በቀን አራቴ ያለዎት?”

“የቀረብኝን እየተካሁ ነው” አልኳት፤ ስለ ቀዳም አስረዳኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቁጣዋ ጠፍቶ ነበር።

“ጋሼ፣ ለዚህኛው መተኪያ የለውም” አለችኝ። “የቀረው ቀርቷል፤ ሰውነት የትላንቱን አይቀበልም። ዛሬ የዛሬውን ብቻ ነው የሚሠሩት።”

“ዝም ብሎ ይቀራል ማለት ነው?”

“ዝም ብሎ ይቀራል።”

ይህ ለኔ ከሰባቱም ስዕል ይበልጥ ከባድ ነበር። ያጠፋሁትን ሳልክስ እንዴት እጀምራለሁ? አንድ ቀን የዘለለ ሰው ሁለተኛውን ቀን የሚዘልለው ስንፍና ይዞት ብቻ አይደለም፤ ፊት የለኝም ብሎ ነው። እኔም ስንት ነገር በሕይወቴ እንዲህ ብዬ ትቻለሁ፤ የዘገየሁበትን ሰው ስልክ፣ ሳልጠይቀው የከረመ ዘመድ። ይህን የተረዳሁት ግን አሁን ስጽፈው ነው፤ ያኔ ከክሊኒኳ አኩርፌ ነው የወጣሁት።

ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ወንበሩም ቀረ፤ ተኝቼ በዓይኔ መስገድ ጀመርኩ። አባቴ ሊጠይቁኝ ሦስቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ከትራሱ ሥር የወጣውን ወረቀት ሳብ አድርገው አዩት።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ስፖርት ነው አባዬ። ሱጁድ ለመውረድ ነው የምሠራው። ወንበሩ ከብዶኝ።”

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። “እኔ እኮ ተመችቶህ መስሎኝ ነበር” አሉኝ።

ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱ። እሳቸው ሲወጡ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጁምዓ ከኋላቸው ተቀምጬ፣ በዝምታቸው ውስጥ ፍርድ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። እሳቸው ደግሞ ልጄ ሰልችቶታል ብለው ብቻቸውን አዝነዋል። አንድ ቃል ብንለዋወጥ የሚያልቅ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ብርድ ልብሴን ይዤ ወደ መተላለፊያው ተመለስኩ። በቀን አስር ደቂቃ፣ ሦስት ስዕል። የመጨረሻውን ስዕል ከወረቀቱ ላይ አጥፌ ደበቅኩት። የሠራሁበት ቀን ሠራሁ፤ የቀረ ቀን ቀረ። “የዛሬውን ብቻ” እያልኩ ራሴን እንደ ልጅ አባብላለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ለውጥ ሱጁድ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ለውዱእ እግሬን ሳጥብ ግድግዳ አለመያዜን አየሁ። ቆይቶ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ አሰርኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መጥታ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ወሰደች፤ እሷም ለካ ትከሻዋን ያማታል። ብዙ ሳምንት ምንም ለውጥ ሳላይ ያለፈበትም ጊዜ ነበር፤ ይህን የሚነግርህ ሰው የለም፣ ብቻህን ነው የምታልፈው።

ሥራውን ከጀመርኩ ስምንት ወር ግድም ሲሆን፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ የድመቷን ጨርሼ ተረከዜ ላይ ስቀመጥ ግንባሬ ብርድ ልብሱን ነካ። ሳላስበው ነው፤ ልመለስ ስል ነው ያወቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ መውረድ ቢመጣ መነሳት ገና ነበር። አንድ ወር ሙሉ ወንበር ሳልይዝ መነሳት ተለማመድኩ።

ከዚያ አንድ ጁምዓ ወንበሩን አልፌ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ዞር ብለው አላዩኝም፤ ትከሻቸውን ብቻ ወደኔ አስጠጉ። ሱጁድ ስንወርድ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን እየለቀቅኩ ወረድኩ። ምንጣፉ ግንባሬን ነካ። በአፍንጫዬ የአቧራና የካልሲ ሽታ ገባ። ለዚያች ደቂቃ ብዬ ለወራት ያጠራቀምኩት ዱዓ ነበረኝ፤ ለልጆቼ፣ ለወገቤ፣ ለሁሉም። አንዱም አልመጣልኝም። ጭንቅላቴ ባዶ ነው፣ ደስታዬ ግን ሞልቷል። ኢማሙ አላሁ አክበር ሲሉ ሶፉ በሙሉ ቀና አለ፤ እኔ ትንሽ ዘገየሁ።

አባቴ መነሳት ያቃተኝ መሰላቸው። እጃቸው ብብቴ ሥር ገባ፤ አጥንት ብቻ የሆነ እጅ ነው። እየጎተቱኝ ነው። ብቻዬን መነሳት እችል ነበር። ክብደቴን በሙሉ በእግሬ ይዤ፣ እጃቸውን ሳላስለቅቅ አብሬያቸው ቀና አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሕይወት በቆዩባቸው ሦስት ዓመታት በየጁምዓው ያ እጅ ይመጣ ነበር። እኔም አንድም ቀን፣ አባዬ፣ ብቻዬን እችላለሁ እኮ፣ ብዬ አልነገርኳቸውም።